ባዶ ኪሎ ሜትር

የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ ደብተር ብዙ ጊዜ ጠንካራ ሽፋን ያለው የሒሳብ መዝገብ ነው። ገጹ በማስመሪያ በቁም ይሰመራል። የመጀመሪያው ዓምድ ጠባብ ነው፤ ቁጥር ብቻ ይይዛል። ሁለተኛው ሰፋ ይላል፤ ታርጋ ይጻፍበታል። ቀጥሎ መድረሻ፣ ቀጥሎ የገባበት ሰዓት፣ በመጨረሻም የወጣበት ሰዓት። የወጣ መኪና በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል። መስመሩ ቁጥሩን አይደፍነውም፤ ከሥሩ ይነበባል። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሹፌሮች ቢጣሉ ዳኛው ያ መስመር ነው።

አምስት ዓምድ ነው። መድረሻው ከሌለ ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄደው መኪና ወደ ወረታ የሚሄደውን ተራ ይበላል። የገባበት ሰዓት ከሌለ ቀድሞ የመጣው ማን እንደሆነ በጩኸት ይወሰናል። የወጣበት ሰዓት ከሌለ መኪናው ሄዶ ይሁን ግቢው ጥግ ላይ ጎማ እየቀየረ ይሁን አይታወቅም። ስድስተኛ ዓምድ ልጨምር ብዬ ሳስብ ግን የሚገባበት አጣሁ።

ከደብተሩ ጋር የሚሄደው መውጫው ነው። ትንሽ ወረቀት ናት፤ ተከታታይ ቁጥር፣ ታርጋ፣ መድረሻ፣ የተሳፋሪ ብዛት፣ ማህተም። በሩ ላይ የቆመው ሰው ወረቀቷን አይቶ ወንበሩን በዓይኑ ይቆጥራል። ደብተሩ ጊዜን ይጠብቃል፣ መውጫዋ ወንበርን። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ መናኸሪያው የተሟላ የስምሪት መሣሪያ አለው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ኔትወርክ አይፈልግም፣ አዲስ ሠራተኛም ባንድ ጠዋት ይማረዋል።

ደብረ ታቦር ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት። ከወረታ ተነስቶ በጉና ሥር አልፎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፣ የአገሬው ሰው የቻይና መንገድ የሚለው ጎዳና መሃሏን ይቆርጣል። ወረታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ባሕር ዳር 100 ገደማ። በምሥራቅ በኩል ክምር ድንጋይ፣ ጋሳይና ንፋስ መውጫ በዚያው መስመር ላይ ይገኛሉ። መስመሩ አንድ በመሆኑ ተራውም ቀላል ነው። ማን ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ካርታ አያስፈልግም።

የደብተሩ ደንብ አጭር ነው፤ ተራው የደረሰ ይጭናል፣ የሞላ ይወጣል። ደንቡ ባዶ ወንበር አያውቅም። ዋጋውን የሚከፍለው ተሳፋሪው ነው፤ የሚከፍለውም በጊዜ ነው። 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ እንውሰድ። በየ5 ደቂቃው አንድ ተሳፋሪ ይመጣል እንበል። መጀመሪያ የገባው 55 ደቂቃ ይቀመጣል፤ የመጨረሻው እግሩን እንዳስገባ መኪናው ይነሳል። የሁሉም ጥበቃ ሲደመር 330 ደቂቃ ነው፤ አምስት ሰዓት ተኩል። ይህ ጊዜ በየትኛውም ዓምድ አይጻፍም። ደብተሩ የሚመዘግበው የመኪናውን ጥበቃ ብቻ ነው።

ጋሳይ መንገድ ዳር የቆመውን ሰው ደግሞ ጨርሶ አያየውም። መኪናው ደብረ ታቦር ላይ ሞልቶ ከወጣ ለጋሳይ ወንበር የለም። ሹፌሩ ከበሩ ካለፈ በኋላ ትርፍ የሚጭነው በስግብግብነት ብቻ አይደለም፤ መንገድ ላይ የቆመውን ፈላጊ ከመነሻው የሚያሳየው ነገር ስለሌለም ነው። ትራፊክ ፖሊሱ የሚቀጣው ትርፉን ነው። የስምሪቱን ቀዳዳ የሚቀጣ የለም።

ከመናኸሪያው በር ውጭ ሌላ ዓለም አለ፤ ባጃጅ። ሦስት ጎማ፣ 200 ሲሲ ገደማ ሞተር፣ ከኋላ ሦስት ሰው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከሦስት አራተኛ ያንሳል። አየር ያነሰው ሞተር ጉልበትም ያንሰዋል። ሹፌሩ ይህን ቁጥር ባያውቀውም እጁ ያውቀዋል፤ ሦስት ሰው ጭኖ ዳገቱ ሲጀምር ማርሹን አስቀድሞ ይቀንሳል። ስለዚህ በዚህ ከተማ ሁለት ኪሎ ሜትር ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ወደ ላይ የሚኬደው ሁለት ኪሎ ሜትር ነዳጅ ይበላል፤ ወደ ታች የሚኬደው ፍሬን።

የሚያከስረው ግን ዳገቱ ሳይሆን ባዶው ጉዞ ነው። ባጃጁ ተሳፋሪ ወደ ላይ አድርሶ ባዶውን ይወርዳል። የሸማኔ መወርወሪያ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ ማግ ይዞ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሲመለስም ማግ ይዞ ነው። ባዶውን የሚመለስበት ዙር የለውም። የስምሪት ሥራ ሁሉ ግቡ ተሽከርካሪውን ወደዚያ ማስጠጋት ነው። ሒሳቡ ደስ ይላል። ባጃጁ በቀን 60 ኪሎ ሜትር ይሮጣል እንበል፤ 30ው በተሳፋሪ፣ 30ው ባዶ። ባዶው ከግማሽ ወደ ሲሶ ቢወርድ 20 ይሆናል፤ የተከፈለበት 40። ሞተሩ፣ ጎማውና ነዳጁ ያው ናቸው፤ ገቢው ግን በሲሶ አደገ። የነዳጅ ግዢው በቴሌብር መሆን ከጀመረ ወዲህ ባለንብረቱ የቀዳውን ሊትር በስልኩ ላይ ያያል። ባዶ የተነዳውን ኪሎ ሜትር የሚያሳየው ግን የለም።

ለዚህ የባጃጅ ሹፌሮች የራሳቸውን መላ ሠርተዋል። መሣሪያው የስልክ ማውጫ ነው። ደንበኛ በአባት ስም አይመዘገብም፤ በሰፈርና በሥራ ይመዘገባል። የሆስፒታሏ ነርስ፣ የዩኒቨርሲቲው መምህር፣ የጤፍ ነጋዴው። ጥሪው ሲመጣ ስሙ ራሱ አድራሻ ነው። አንዲት እናት ሲደውሉ ሹፌሩ «እናቴ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ነዎት በታች?» ይላቸዋል። በተራራ ከተማ ቀኝና ግራ ብዙ አይረዳም፤ ላይና ታች ይበቃል። እሱ ሩቅ ከሆነ «ጓደኛዬን ልላክልዎ» ብሎ ለሌላ ይደውላል። ጓደኛው ቅርብ መሆኑን ያወቀው ከአሥር ደቂቃ በፊት መንገድ ላይ ስለተላለፉ ነው። ቦታን የሚያውቀው በትዝታ ነው ማለት ነው፤ ትዝታውም ከአሥር ደቂቃ በላይ አይቆይም።

ይህች አሥር ደቂቃ የሙያው ሁሉ ቋጠሮ ናት። ታክሲ የት ነው? የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

ዋጋን የሚለካው መሣሪያ ቀድሞ ተሠርቷል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ብሩን እ.ኤ.አ. በ1891 የሠራው ታክሲ ሜትር የጎማን ዙር በጥርስ ጎማዎች ቆጥሮ ወደ ገንዘብ የሚቀይር ነበር። ቦታን የሚያውቅ መሣሪያ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው የመጣው። በመሃሉ የነበረው ሬዲዮ ነው። ላኪዋ በማይክሮፎን ሰፈሩን ትጠራለች፤ ሹፌሮቹ «እኔ ቅርብ ነኝ» ይላሉ። ቅርብ ያልሆነውም ቅርብ ነኝ ይላል። የምትልከው ምላሱ የፈጠነውን እንጂ ቅርብ ያለውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የሲንጋፖሩ ኮምፎርት ታክሲዎቹ ላይ የሳተላይት መቀበያ ሲገጥም ይህ ክርክር አበቃ። መኪናው ራሱ ያለበትን ይናገር ጀመር፤ ኮምፒውተሩም በዙሪያው ያሉትን ብቻ መርጦ ጥሪውን ያስተላልፍ ጀመር። ሹፌሩ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ትወስደዋለህ ወይስ አትወስደውም?

ወደ አገራችን ስንመጣ በደንብ አገላብጬ ማየት የምወደው የአዲስ አበባውን የታክሲ ጥሪ አገልግሎት፣ ራይድን ነው። ሳምራዊት ፍቅሩ ራይድን የሠራውን ድርጅት፣ ሃይብሪድ ዲዛይንስን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። መነሻው ከሥራ አምሽቶ ሲወጣ ታክሲ የማግኘትና በዋጋ የመከራከር ችግር እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። የመጀመሪያው ሥራ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚሠራ ነበር፤ ራይድ በሚል ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ዛይራይድ፣ ፈረስና ሌሎችም ገበያውን ተካፍለዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ዛሬም የየትኛውም ድርጅት መኪና ቢመጣ ብዙ ሰው «ራይድ ጥራልኝ» ነው የሚለው።

ብልሃቱ ያለው መጋጠሚያዎቹ ላይ ነው። አንደኛው መጋጠሚያ 8294 ነው። አራት አሃዝ፣ ማንኛውም ስልክ የሚደውለው። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው፣ ዳታው ያለቀበት ሰው፣ አፕ ማውረድ የማይፈልግ ሰው በዚያው በር ይገባል። የውጭዎቹ ድርጅቶች ሥራቸውን የሠሩት ሁሉም ተሳፋሪ ስማርት ስልክ በእጁ ይዟል ብለው ነው። ይሄኛው ግን እንደዚያ አላለም። ሹፌሩ ዘንድ ስማርት ስልክ መኖር አለበት፤ ተሳፋሪው ዘንድ ባይኖርም ይሠራል። አንዱ ጫፍ ዘመናዊ፣ ሌላው ጫፍ የጥሪ ድምፅ። ሁለቱን የምታገናኘው ጥሪ ተቀባይዋ ናት።

የእሷን ሥራ ማሳነስ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ሰው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር የሚገኝባት ከተማ አይደለችም። ደዋዩ «ሃያ ሁለት፣ ከማዞሪያው ትንሽ ገባ ብሎ፣ ፋርማሲው ፊት ለፊት» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ወደ ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚቀይር ሶፍትዌር መሥራት ከባድ ነው፤ ከተማውን የምታውቅ ልጅ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቃ ካርታው ላይ ነጥብ ታደርጋለች። ነጥቡ አምሳ ሜትር ቢስት ችግር የለም፤ ሹፌሩ ይደውላል። ስህተቱን ማን እንደሚያርመው አስቀድሞ ታስቦበታል። ደዋዩ የሰፈር ስም ይሰጣል፣ እሷ ነጥብ ታደርጋለች፣ ሹፌሩ የመጨረሻውን አምሳ ሜትር በድምፅ ይጨርሳል።

ሁለተኛው መጋጠሚያ መንገድ ላይ የሚያዘው ተሳፋሪ ነው። የትም አገር የስምሪት ድርጅት የሚፈራው ይህን ነው፤ ሹፌሩ ጥሪውን ትቶ መንገድ ላይ እጁን ያወጣውን ይጭናል፣ ድርጅቱም ያጣዋል። ራይድ ላይ ግን ሹፌሩ የተሳፋሪውን ስልክ ቁጥር ጠይቆ በራሱ አፕ ይሞላል፤ ጉዞው እንደ ማንኛውም ጥሪ ይጀመራል፤ መልእክቱ ለተሳፋሪው ይደርሰዋል። የተሳፋሪው ትርፍ መከራከር መቅረቱ ነው። የድርጅቱ ትርፍ አንድ ስልክ ቁጥር ነው፤ ነገ 8294 የሚደውል ሰው።

ሦስተኛው ገንዘቡ ላይ ነው። ተሳፋሪው በቀጥታ ለሹፌሩ ይከፍላል። ድርጅቱ ብሩን አያየውም። ታዲያ ድርሻውን ከየት ያገኛል? ሹፌሩ አስቀድሞ ካስቀመጠው ሒሳብ ላይ ጉዞው ሲያበቃ ይቀነሳል። ሒሳቡ ሲያልቅ ጥሪ አይመጣም። አሳዳጅ የለም፣ ደረሰኝ ሰብሳቢ የለም፣ የወር መጨረሻ ጭቅጭቅ የለም። በካርድ መክፈል ባልተለመደበት ከተማ የካርድን ሥራ በተገላቢጦሽ አስገብተውታል።

ሜትሩም ሊታይ ይገባል፤ ሰው ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያየው። ጥርስ ጎማ የለውም። ርቀቱን የሚያገኘው ከሳተላይት ነው። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራሉ፤ እያንዳንዳቸው አቶሚክ ሰዓት ይዘዋል። ስልኩ የአራቱን ምልክት ይፈልጋል፤ ሦስቱ ለቦታ፣ አራተኛው የስልኩን ርካሽ ሰዓት ለማረም። ብርሃን በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ 30 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ የሰዓቱ ስህተት በጨመረ ቁጥር ቦታውም በዚያው ልክ ይስታል። ሰማዩ ክፍት ሲሆን ስልኩ ያለበትን በአምስት ሜትር ገደማ ያውቃል።

ችግሩ ያለው አምስቷ ሜትር ላይ ነው። መኪናው ቆሟል እንበል፤ መብራት ይዞታል። ስልኩ በየሰከንዱ ቦታውን ይጠይቃል። መልሱ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ነው። ነጥቦቹ ይዘላሉ፤ መኪናው ግን ንቅንቅ አላለም። በየሰከንዱ አንድ ሜትር ቢዘል በአሥር ደቂቃ 600 ሜትር ይሆናል። ያልተነዳ 600 ሜትር ተሳፋሪው ሊከፍል ነው። ሰነፍ ሜትር ይህን ሁሉ ይደምራል። በደንብ የተሠራው የፍጥነቱን ንባብ ያያል፤ ዝላዩ ከስህተቱ ክልል ካልወጣ ይጥለዋል፤ የቆመበትን ጊዜ በደቂቃ እንጂ በርቀት አያስከፍልም። በተቃራኒው ዋሻ ወይም ድልድይ ሥር ነጥብ ሲጠፋ የመጨረሻውን ነጥብና የሚቀጥለውን ይዞ መሃሉን በመንገዱ ቅርጽ ይሞላዋል። ዳታ ሲቆረጥ ነጥቦቹን ስልኩ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሒሳቡ እዚያው ይሠራል፤ ወደ ድርጅቱ ኋላ ይልከዋል። ተሳፋሪው ከዚህ አንዱንም አያይም። ዋጋው አላናደደውም፤ ሜትሩ መልካም መሆኑን የሚያውቀው በዚህ ነው።

የጽሑፍ መልእክቱም የራሱ ጥበብ አለው። አጭር መልእክት 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል 160 ቁምፊ ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሁለት ባይት ይፈልጋል፣ የላቲኑ ግን በሰባት ቢት ይጻፋል። ግማሽ እንኳ አልሞላም ብሎ ማዘን ይቻላል። ነገር ግን «ባጃጅ» ሦስት ቁምፊ ነው፤ በላቲን አምስት። ፊደላችን አናባቢውን ከራሱ ጋር ስለያዘ ያጣውን ከፊሉን ይመልሳል። ለደብረ ታቦር አንድ መልእክት እንሥራ፤ «ባጃጅ 214 ከ4 ደቂቃ በኋላ ሆስፒታል በር ይደርሳል»። ክፍተቱን ጨምሮ 33 ቁምፊ ነው። አንድ ክፍተትና ባለ 10 አሃዝ ስልክ ሲጨመር 44። 26 ይተርፋል፤ የሹፌሩ ስምና ታርጋው ይገባበታል። ለሰላምታ ቦታ የለም። «ውድ ደንበኛችን» ብሎ የሚጀምር መልእክት ከ70 አልፎ ለሁለት ሲከፈል ድርጅቱ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ባጃጅ 214 ያልኩት የጎን ቁጥሩን ነው። በብዙ ከተሞቻችን የባጃጅ ማህበራት ለየአባሉ ትልቅ የጎን ቁጥር ይሰጣሉ። ከታርጋው ያጥራል፣ ከሩቅ ይነበባል፣ ተሳፋሪ ያስታውሰዋል። ለስምሪት የተዘጋጀ ቁጥር ነው፤ ስምሪት ከመምጣቱ በፊት የተጻፈ።

እዚህ ላይ ጉና ይመጣል። ተራራው ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ርብና ጉማራ ከእሱ ይነሳሉ። ውኃው የቆረጠውን ሁሉ መንገድ ይዞረዋል። አዲስ አበባ ላይ «ቅርብ» ማለት በአመዛኙ ቀጥታ መስመር ላይ ቅርብ ማለት ነው። ጉና ሥር ግን ከገደሉ ማዶ ያለው ባጃጅ በቀጥታ 400 ሜትር ሆኖ በመንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። ቀጥታ መስመር የሚለካ ስምሪት ማዶ ያለውን ይልካል፤ ከታች አንድ ኪሎ ሜትር ላይ የቆመውን ይተወዋል። በመንገድ ርቀት የሚለካው ይሻላል። በደቂቃ የሚለካው ከሁሉም ይሻላል፤ ደቂቃው ግን ዳገትና ቁልቁለትን ለይቶ፣ ደረቅና ዝናብ ቀንን ለይቶ መሆን አለበት። ክረምት ላይ ጭቃ የሚዘጋውን የውስጥ መንገድ ካርታው አያውቀውም፤ የአካባቢው ሹፌር ያውቀዋል። መልካም ሥራ የሚሆነው ይህን የሹፌር እውቀት ወደ ሠንጠረዥ ሲያስገባ ነው፤ ከዚህ ሰፈር እዚያ ሰፈር ሲወጣ ይህን ያህል ደቂቃ፣ ሲወርድ ይህን ያህል። ሃያ ሰፈር ቢሆን ከየሰፈሩ ወደ ቀሩት አሥራ ዘጠኙ 380 ቁጥር ነው፤ መሄጃና መመለሻው ለየብቻ። አንድ ልምድ ያለው ሹፌር ተቀምጦ በሁለት ቀን ይሞላዋል። ከሳተላይት ካርታ ይልቅ ይህን ሠንጠረዥ አምናለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ዳታ ብቻ ላይ የቆመ ስምሪት እንዲህ ባለ ጊዜ ይዘጋል። በአራት አሃዝ ቁጥር፣ በድምፅና በ70 ቁምፊ የሚሠራው፣ ሠንጠረዡንም በወረቀት አትሞ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው፣ ስልክ እስከሠራ ድረስ ይሠራል። በከፍታ አገር ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው የጥራት መለኪያ ይህ ይመስለኛል፤ አንዱ አካል ሲነቀል ሌላው ምን ያህል ይቆማል?

ጥሪን ከባጃጅ ጋር ማዛመዱ ራሱ የሚያምር ሒሳብ አለው። ሁለት ባጃጅ፣ ሁለት ደዋይ እንበል። የመጀመሪያው ባጃጅ ለአንደኛዋ ደዋይ 2 ደቂቃ፣ ለሁለተኛው 3 ደቂቃ ነው። ሁለተኛው ባጃጅ ለአንደኛዋ 4፣ ለሁለተኛው 9። አንደኛዋ ቀድማ ደወለች። ቅርቡን እንላክ ካልን የ2 ደቂቃው ይሄዳል፤ ለሁለተኛው የሚቀረው የ9 ደቂቃው ነው። ድምሩ 11። ጥቂት ሰከንድ ታግሰን ሁለቱንም ጥሪ አብረን ካየን ግን 4 እና 3 ይሆናል፤ ድምሩ 7። አንደኛዋ ሁለት ደቂቃ ጨመረች፣ ሁለተኛው ስድስት ደቂቃ ቀነሰ፣ ከባዶው ጉዞ አራት ደቂቃ ጠፋ። ሃሮልድ ኩን የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1955 ይህን ለብዙ ሰውና ለብዙ ሥራ የሚፈታ መንገድ አሳተመ፤ የሁለት ሃንጋሪያውያን ሥራ መሠረት ስለሆነውም የሃንጋሪ ዘዴ ብሎ ሰየመው። ትልልቆቹ የስምሪት ድርጅቶች ዛሬ የሚጠቀሙት ይህንኑ አስተሳሰብ ነው፤ ጥሪ እንደመጣ አይልኩም፣ ጥቂት ሰከንድ ሰብስበው ያዛምዳሉ። ተሳፋሪው «እየፈለግን ነው» የሚለውን ጽሑፍ ሲያይ ከሚጠብቃት ጊዜ ከፊሏ ለዚህ የምትሄድ ናት።

ቅርቡን መላክ ግን ከተራ ደብተሩ ጋር ይጋጫል። ደብተሩ ቅርበትን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቀድሞ መምጣትን ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ የሚቆም ባጃጅ ቀኑን ሙሉ ቅርብ ነው፤ ቅርቡን የሚልክ መሣሪያ እሱን ያጠግባል፣ ሌሎቹን ያስርባል። ማህበሩም በሳምንቱ ይበተናል። ተራን ብቻ የሚያይ መሣሪያ ደግሞ ከከተማው ማዶ ያለውን ተረኛ ለሁለት መቶ ሜትር ጥሪ ያስመጣል። ይህን ጠብ ያስታረቁት ትልልቅ አየር ማረፊያዎች ላይ የሚሠሩት አፖች ናቸው። በካርታው ላይ አጥር ያጥራሉ። ከአጥሩ ውጭ ቅርቡ ይላካል፤ ከአጥሩ ውስጥ ቀድሞ የገባው ይቀድማል። ሹፌሩ ስልኩ ላይ ስንተኛ እንደሆነ ያያል። ከአጥሩ ከወጣ ተራው ይጠፋል። የመናኸሪያው ደብተር ከነዓምዶቹ ወደ ሶፍትዌር ገባ ማለት ነው፤ የገባበት ሰዓት፣ መለያ ቁጥር፣ የወጣበት ሰዓት።

ለደብረ ታቦር የምስለው አጥሮቹን ነው። አንዱ መናኸሪያው፣ አንዱ ሆስፒታሉ፣ አንዱ የዩኒቨርሲቲው በር፣ አንዱ ገበያው። አራቱም ውስጥ ተራ፤ በመሃላቸው ቅርበት። አጥሩ ትንሽ ከሆነ ሹፌሮች ጠርዙ ላይ ቆመው ሁለቱንም ይጠብቃሉ፤ ትልቅ ከሆነ ሩቅ ያለው ተራ ይይዛል። መጠኑን የሚወስነው ባጃጁ ከጠርዙ እስከ በሩ የሚፈጅበት ጊዜ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሁለት ደቂቃ ደግሞ ቁልቁል ሲሆን ሩቅ ነው፣ ሽቅብ ሲሆን ቅርብ። ስለዚህ አጥሩ ክብ አይሆንም። ከላይ በኩል ይረዝማል፣ ከታች በኩል ያጥራል።

አንድ የሚቀር ጥያቄ አለ፤ ተረኛው ጥሪውን እምቢ ቢል? ደብተሩ ላይ መልሱ የታወቀ ነው፤ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ስሙ ከታች እንደ አዲስ ይጻፋል። አፑ ላይ ጥቂት ሰከንድ ይቆጠርና ጥሪው ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ቅጣቱ እንደ ድርጅቱ ነው። እኔ የደብተሩን መንገድ እመርጣለሁ፤ በአንድ ለውጥ። ሹፌሩ እምቢ ያለበትን ምክንያት ከሦስት አንዱን ይንካ፤ ነዳጅ፣ መንገዱ ተበላሽቷል፣ ሌላ። መንገዱ ተበላሽቷል ያሉት ሦስት ከሆኑ ተራቸው ይመለስ፤ ከ380ዎቹ ቁጥሮች ያቺ አንዷም እስኪጣራ ድረስ ትጨመር።